ወንዝ ዳር የቆመው ቀይ ወፍ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ከጨርቅ ላይ ነበር። እናቴ ማታ ማታ ሆቴል ስለምትሠራ፣ ሌክ ሲቲ በሚባለው ሰፈር በነበርንበት አፓርታማ ከእኛ ሥር ለሚኖሩ ቡታናዊት አሮጊት ትታኝ ትሄዳለች። የልጅ ልጃቸው ፔማ በአገራቸው ቋንቋ «አንጋይ»፣ አያቴ፣ ስለምትላቸው እኛም አንጋይ አልናቸው። የቅቤ መብራታቸውን ሲያበሩ የጭሱ ደወል ሕንፃውን ሁሉ ስለሚቀሰቅስ፣ በምትኩ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ መብራት አጠገባቸው ያኖሩና እናታቸው የሸመኑትን ኪራ፣ ሴቶቻቸው ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚለብሱትን ጥለት የሞላበት ጨርቅ፣ ጭናቸው ላይ ይዘረጉታል። ጣታቸው ከጥለት ወደ ጥለት እየሄደ ይተርታሉ፤ ፔማ በእንግሊዝኛ ታቀብለኛለች። ጫፉ ላይ አንድ ቀይ ወፍ ነጭ ወንዝ ዳር ቆሟል። እዚያ ሲደርሱ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ እሳቸው ግን «የቀረው ነገ» ብለው ጨርቁን ይጠቀልሉታል። ነገም ቢሆን ወፉ ተሻግሮ አያውቅም።

ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ፣ ኪራው ከእሳቸው በኋላ የብል ቀለብ እንዳይሆን ፈሩ። ለአንድ ሙዚየም የቆዩ ጨርቆች የምትሰበስብ ሴት አገኙና ቅዳሜ መጥታ እንድትወስደው ተስማሙ። ሴትዮዋ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንዳለ ይቆይ፣ ማንም እንዳይነካው። ይህን ለእናቴ የነገራት የለም። አርብ ዕለት አንጋይ ቤት ቧንቧ ፈነዳና ኪራውን ለእናቴ አደራ ሰጧት። እናቴ ደግሞ የሰው አደራ ቆሽሾ ከሚመለስ ሞቷን የምትመርጥ ሴት ናት። ጠርዙ ላይ የደረቀ የሻይ ጠብታ አየች፤ ነጠላ ማጠብ በለመደ እጇ ሙቅ ውኃና ሳሙና አዘጋጅታ ጫፉን ነከረችው።

«ጉዴ ፈላ» ስትል ሰምቼ ሮጥኩ። ሲንኩ ደም መስሏል። ወፉ ፈስሶ ነጩን ወንዝ ሞልቶታል። ክው ብዬ ቀረሁ። እናቴ ጫፉን በፎጣ እየጨመቀች ታለቅሳለች፤ በጨመቀችው ቁጥር ቀዩ ወደ ማዶ ይሄዳል።

ቅዳሜ ሴትዮዋ ጓንት አጥልቃ ገለጠችውና ፊቷ ተለወጠ። ሶሪ፣ የተበላሸ አንወስድም አለች። እናቴ አንጋይ እግር ላይ ልትወድቅ ስትል፣ አሮጊቷ ከመሳቢያ መቀስ አወጡ። ማንም ሳይደርስባቸው ኪራው ላይ አሳረፉት። ሴትዮዋ «ኖ፣ ኖ» እያለች ብድግ አለች፤ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ብቻ ይሰማኛል።

ዓይኔን ስገልጥ የተቆረጠው የስፌቱ ክር ብቻ ነው። ኪራው ለካ ለየብቻ ተሸምነው እንደ ጋቢ የተሰፉ ሦስት ክፍሎች ነበሩት። ሁለቱን ንጹሖች ለሴትዮዋ ሰጧት፤ እሷም ወሰደቻቸው። ወፉ ያለበትን እኔ ጭን ላይ አኖሩና ለፔማ ቀስ ብለው አንድ ነገር አሏት። ፔማ የአንጋይን ቃል እንዳለ አቀበለችኝ፤

«እናቴ ሳታሻግረው ሞተች። ያንቺ እናት አሻገረችው። በቃ፣ አለቀ።»

ዛሬ እዚያው አቅራቢያ፣ ሾርላይን፣ የራሴ ቤት አለኝ። ሁለቱ ክፍሎች ሙዚየም ውስጥ ከመስታወት ጀርባ ናቸው፣ ሦስተኛው እኔ ጋ ነው። ያኔ ያስደነገጠኝ መቀሱ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው የተረቱ ማለቅ ነው፤ አንጋይ ከዚያ ወዲህ ስለ ወፉ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ አረፉ። ልጄ ጣቷን በፈሰሰው ቀይ ላይ እየነዳች ማዶ ትደርስና «ዜን ዋት?»፣ ከዚያስ፣ ትለኛለች። ዛሬም ክው እላለሁ። ከወንዙ ማዶ ያለውን የሸመነ ሰው የለም።