በእንፋሎት ያወጣነው ውሃ
ነዳጅ ከከተማው በጠፋበት በጋ የሽንኩርታችን ጫፍ ቢጫ ሆነ። ወንዙ ከማሳችን ሥር ይፈሳል፤ ዳገቱን ግን የሚያወጣው በነዳጅ የሚሠራ ፓምፕ ነበር።

ባሌ ሸዋ ሮቢት ውስጥ በያጅ ነው። አንድ ቀን፣ «በእንፋሎት እናወጣዋለን» አለኝ።

«እንዴት ተደርጎ?»

«በማገዶ ውሃ አፍልቼ፣ በርሜል እንፋሎት እሞላና እዘጋዋለሁ። ሲቀዘቅዝ ውስጡ ባዶ ይሆንና ውሃውን ከታች ይስባል። ከዚያ ሌላ እንፋሎት ለቀን ወደ ማሳው እንገፋዋለን።»

መጀመሪያ በናፍጣ በርሜል ሞከረው። ቀዝቃዛ ውሃ ስደፋበት በርሜሉ እንደ መድፍ ጮኾ ባንዴ ተጨማደደ። ጦርነቱ ገና ከጆሯችን አልወጣም ነበርና ከታች የሚኮተኩቱት ሁሉ መሬት ላይ ተደፉ። ባሌ ሳቀ፤ እኔ ግን ባልዲውን ጥዬ ከበርሜሉ ሸሸሁ።

ሁለተኛውን ከተቃጠለ ከባድ መኪና ላይ በተፈታ ወፍራም ሲሊንደር ሠራው። ወደ ወንዙ የዘረጋው ቱቦ አጓራ፣ ተንዘፈዘፈ፤ ውሃው ዳገቱን ወጥቶ ቦያችን ውስጥ ተዘረገፈ። እልል አልኩ።

እልልታዬን ሰምተው ከታች የሚያርሱት ጎረቤታችን መጥረቢያ ይዘው መጡ። በእሳቸው በኩል ወንዙ ቀጥኖ ቲማቲማቸው እየተቃጠለ ነበር።

«ወላሂ፣ የኔን ውሃ ነው የምትጠጡት!»

«ጋሼ፣ ይራቁ! ይፈላል!» ብሎ ባሌ ፊታቸው ቆመ።

በመጥረቢያው እጀታ ደረቱን ሲሉት ወደቀ። ሽርጣቸውን ጨምድጄ ብይዝ በክርናቸው አፌን መቱኝ። ከዚያ የእንፋሎቱን ቱቦ በሙሉ ኃይላቸው ቀጠቀጡት።

እንፋሎቱ ፈንድቶ ፊታቸው ላይ ወጣ። እንዲያ ያለ ጩኸት ከሰው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። የአንገታቸው ቆዳ ከሸሚዛቸው ጋር ተገሸለጠ።

ባሌ እያቃሰተ ተነሥቶ መጥረቢያውን አነሣ። ሊጨርሳቸው መሰለኝ፤ አፌ በደም ተሞልቶ ነበርና «በለው!» አልኩት። እሱ መጥረቢያውን ወርውሮ ሰውዬውን አቀፋቸውና ወንዙ ውስጥ ነከራቸው።

«አግዢኝ እንጂ! ምን ታያለሽ?» ሲለኝ ነቃሁ። እግራቸውን ይዤ መንገድ ዳር እስከቆመ ባጃጅ ድረስ ተሸከምናቸው።

አንድ ዓይናቸው ጠፋ። ልጆቻቸው ደም እንመልሳለን ብለው ሲዝቱ፣ እሳቸው ከሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነው፣ «የመታሁት እኔ፣ ያተረፈኝ እሱ፤ ማንም እንዳይነካው» አሉ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ወንዙን በተራ እንድንጠቀም ፈረዱ።

ባሌ ሲሊንደሩን ቆራርጦ ጣለው። ነዳጅ ሲመጣ ሽንኩርቱ ደርቆ ፍየል ገብቶበት ነበር።