ጽጌ ሳይገባ የሄድንበት አደን

ማንበብ የቻልኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ዘግይቶ ያገኘውን ነገር ሰው አጥብቆ ይይዛል፤ እኔም መጽሐፍ ያለውን ከሥሩ እያሰመርኩ አምናለሁ። ያን መስከረም ግን ሁለት ጊዜ ያሰመርኩበትን ዓረፍተ ነገር በገዛ አፌ አፈረስኩት።

ያኔ ሚኒሶታ፣ ቡርንስቪል ነበርን። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ አንድ ጡረተኛ ነጭ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸውን ትሬለር ሲነዱ ኖረው ዳሌያቸው ተበላሽቷል። ባለቤቴ ክረምት ክረምት መኪናቸውን ከበረዶ ስለሚያወጣላቸው ተወዳጁ። በየዓመቱ ደቡብ ዳኮታ ድረስ ሄደው ፕሮንግሆርን የሚባለውን አውሬ ያድናሉ። ከፍየል ከፍ ይላል፤ ቂጡ ነጭ፣ ቀንዱ ጥቁርና ጫፉ ላይ ባላ ያለው ነው፤ ሲሮጥ መኪና አይደርስበትም። እሳቸው አንቴሎፕ ይሉታል። አንቴሎፕ እንዳልሆነ፣ በዓለም ላይ የቅርብ ዘመድ እንደሌለው ከላይብረሪ ባመጣሁት መጽሐፍ አሳየኋቸው። «እሱ አልሰማም» አሉኝ።

ለዳሌያቸው ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ተይዞ ስለነበር ለዚያ ዓመት አብሯቸው የሚሄድ ፈለጉ። ለማደን ግን ትምህርት ወስዶ የጽሑፍ ፈተና ማለፍ ግድ ነው።

«እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ፤ እሸከማለሁ» አለ ባለቤቴ። «ፈተናውን አንቺ ውሰጂው፣ ፕሮፌሰር።»

ወሰድኩ፤ አለፍኩ። የአደን ፈቃዱ ዕጣም በስሜ ወጣ። አንድ ወንድ ፕሮንግሆርን፤ ከእኔ በቀር ማንም ሊተኩስበት አይችልም። ሽማግሌው በጋውን ሁሉ ሜዳ ወስደው ተኩስ አስተማሩኝ። የሚያስተምሩት ቀስ ብለው ነው፤ አንድ ነገር ላይ ግን ይቆጣሉ። «አቁስለሽ ከጠፋብሽ የፈቃድ ካርድሽን በመቀስ ትቆርጫለሽ። ሌላ አትፈልጊም። ከእኔም ጋር ዳግመኛ አትሄጂም።»

ቀኑን መምረጥ የእኔ ሥራ ሆነ። በፈረንጆቹ መስከረም የስሪያ ወቅት ነው። ወንዱ ሴቶቹን ሰብስቦ ይጠብቃል፣ ከመጣው ሁሉ ጋር ይጣላል፣ መብላት ይረሳል፤ ሌላ ጊዜ ከሩቅ አይቶ የሚጠፋው አውሬ ያኔ ያብዳል። ይሁን እንጂ በእብደቱ መሐል ከተገደለ ሥጋው ከስቶ ይሸታል አሉኝ ሽማግሌው፤ ማብረጃው ላይ ነው መድረስ ያለብን። ብዙ ከዘገየን ደግሞ የጥቅምት በረዶ አለ። የዚያ አገር የጭቃ መንገድ አንዴ ከራሰ እንደ ሳሙና ነው። ይህን ሁሉ በደብተሬ አሰፈርኩ። እሳቸው የማያውቁት አንድ መስመር ግን ከታች ነበረ፦ መስከረም ሃያ ስድስት፣ ጽጌ ይገባል።

ጽጌን የምትጾመው እናቴ ናት። ከአገር ቤት ከመጣች ዓመት አልሞላትም ነበር። ስለ አውሬው ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ፦

«ያመሰኳል?»

«ያመሰኳል እማዬ።»

«ሰኮናውስ?»

«ስንጥቅ ነው።»

«እንግዲያው ይበላል። ግን ነፍሱ ሳትወጣ ይታረድ። በጥይት የሞተ ጥንብ ነው፤ ቤቴ እንዳይገባ።» ቤቴ ያለችው በየወሩ የምንከራየውን አፓርታማ ነው። ከዚያ ቢላዋ በፎጣ ጠቅልላ ለባለቤቴ ሰጠችው፤ በእኛ ልማድ ሴት አታርድም።

«እማማ፣ እኔ እኮ ዶሮ እንኳ ሳርድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው።»

«ጨፍን። አፍህ ግን በስመ አብን እንዳይረሳ።»

ለሽማግሌው ስለ ቢላዋው አልነገርናቸውም። ለምን እንደሆነ አሁንም በቅጡ አላውቅም። አፍረን ይመስለኛል።

ወቅቱ ሲከፈት ጽጌ ከመግባቱ በፊት ያለን አንድ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር። ሐሙስ ማታ ትንበያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረዶ ይጥላል አለ። ስለዚህ የቀረን የቅዳሜ ጠዋት ነው። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ነዳን።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሦስታችን አንድ ጉብታ ላይ በሆዳችን ተኝተን ነበር። ከታች ሜዳው ላይ ሰባት ሴቶችና አንድ ወንድ። ሌላ ወጣት ወንድ ከዳር ብቅ ሲል ትልቁ አንገቱን ዘርግቶ ያባርረዋል፤ ይመለሳል፤ ሴቶቹን የሚቆጥር ይመስል ይዞራቸዋል። ሩቅ ነው። ነፋሱ ፊታችን ላይ ነው። በምዕራብ በኩል ሰማዩ እንደ ብረት ጠቁሯል።

«ትንሽ ጠብቂ» ይላሉ ሽማግሌው።

ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ጣቶቼ ደነዘዙ። ባለቤቴ በጆሮዬ «መጽሐፉ ሽንት ቤት ስለመሄድ ምን ይላል?» አለኝ። አልሳቅኩም። ወጣቱ ወንድ እንደገና መጣ፤ ትልቁ እያባረረው ወደኛ ሮጠ፤ ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ቆሞ ወደ ሴቶቹ ዞረ። ጎኑን ሰጠኝ።

ተኮስኩ። በጉልበቱ ወደቀ።

ሁለት ጊዜ ያሰመርኩበት ዓረፍተ ነገር ይህ ነበር፦ ከተመታ በኋላ ግማሽ ሰዓት አትንቀሳቀስ፤ ካላባረርከው ተኝቶ ይሞታል። በቃሌ አውቀዋለሁ። እኔ ግን ያየሁት እየወጣች ያለች ነፍስ ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ሴት፦

«ሂድ! ሳይሞት! ሂድ!» ብዬ ጮህኩ።

ባለቤቴ ቢላዋውን መዝዞ ቁልቁል ሮጠ። ሽማግሌው በእጃቸው ሊይዙት ሞክረው አየር ጨበጡ። ከአውሬው ሊደርስ ሠላሳ እርምጃ ሲቀረው አውሬው ተነሣ። እየተንገዳገደ፣ ከዚያ እየሮጠ፣ ከማዶው ጉብታ ጀርባ ጠፋ።

ባለቤቴ እያለከለከ ተመለሰ። ሽማግሌው ቢላዋውን አይተው እኔን አዩኝ።

«ምን ሊያደርግ ነው የሮጠው?»

«በኋላ እነግርዎታለሁ።»

ሰማዩን አዩ። «ከትንበያው ቀድሟል፤ አንድ ሰዓት ቢኖረን ነው። በረዶው ከጣለ ደሙ ይሸፈናል። እኔ በዚህ ዳሌ አልከተልም፤ የመጀመሪያው ደም ላይ እቆማለሁ። አቅጣጫ ከጠፋችሁ እኔን እዩ።»

ደሙ የቁንዶ በርበሬ ፍሬ ያህል ነበር። አንዱን ሣር ላይ አገኘዋለሁ፤ ቀጣዩ አሥር እርምጃ ርቆ ነው። የመጨረሻው የት እንደነበር እንዳይጠፋኝ ከደብተሬ ገጽ እየቀደድኩ ደሙ አጠገብ በድንጋይ አስቀምጥ ጀመር። ዞር ስንል ነጫጭ ወረቀቶቹ አቅጣጫውን ያሳዩናል። ስለ ስሪያው የጻፍኩት ሄደ፤ ስለ አየሩ የጻፍኩት ሄደ። በረዶው ጀመረ። መጀመሪያ ጠብታው ነጭ ላይ ደምቆ ረዳን፤ ቀጥሎ ወረቀቶቹ ራሳቸው ከበረዶው የማይለዩ ሆኑ።

«ብንመለስስ?» አለ ባለቤቴ።

«አንመለስም።»

«ሽማግሌው እኮ ቆመው ይጠብቁናል።»

«እሱም ቆስሎ ይጠብቀናል።»

የደረቀ የጎርፍ ቦይ አፋፍ ላይ ስንደርስ እጁን ያዝኩት። ከታች ተኝቷል። ጭንቅላቱ ቀና ብሏል፤ ጀርባው ላይ በረዶ አርፏል፤ በትልቁ ጥቁር ዓይኑ ያየናል። ስድሳ እርምጃ።

የባለቤቴ እጅ ወደ ቢላዋው ሄደ። «አሁንም ነፍስ አለው» አለ በሹክሹክታ። «ቀስ ብዬ በጀርባው ብዞር?»

ብንቀርብ ይነሣል፤ ከተነሣ በዚያ በረዶ ውስጥ አናገኘውም። ሌሊቱን ሙሉ ይሞታል። ከተኮስኩ ደግሞ ቢላዋው ሳይደርስ ነፍሱ ትወጣለች። ጠመንጃውን አነሣሁ።

«እማማስ?»

«ዝም በል።»

ተኮስኩ። ጭንቅላቱ አንድ ጊዜ ዝቅ አለ፤ ዳግመኛ አልተነሣም።

ባለቤቴ ተንሸራቶ ወርዶ፣ ወደ ምሥራቅ አዙሮት፣ በስመ አብ ብሎ አረደው። ደሙ አልፈነጠቀም፤ ወዛ ብሎ ቀረ።

«ትንሽ ነፍስ ነበረው» አለኝ። «እግሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።»

«አልነበረውም።»

«አንቺ ሰው፣ ምናለ ቢኖረው?»

ጎትተን ስንመለስ ሽማግሌው ባርኔጣቸው ነጭ ሆኖ እዚያው ቆመው ነበር። ሰዓታቸውን አዩ። «ከመጀመሪያው ጥይት እስከ ሁለተኛው አንድ ሰዓት ከሩብ» አሉ። እሑድ ሚኒሶታ ከገባን በኋላ ነው ስለ ቢላዋው የጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከመስኮቱ ውጪ እያዩ፦

«ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ከዚያ ቀርበን እንጠብቀው ነበር። ልማድማ እኔም አለኝ፤ የኔን ለናንተ አልነገርኳችሁም እንዴ?» አሉ። ነግረውኛል፤ በጋውን ሙሉ።

እናቴ በር ላይ ጠበቀችን። እጃችንን ሳይሆን ፊታችንን ነው ያየችው።

«ነፍሱ ሳትወጣ ነው?»

ባለቤቴ አፉን ከፈተ። ቀደምኩት።

«አይደለም እማዬ። ቆስሎ ሊጠፋብን ሲል ሁለተኛ ተኮስኩበት። ሞቶ ነው የታረደው።»

«ቆስሎ ብዙ ቆየ?»

«አንድ ሰዓት ከሩብ።»

«ለምን ሸሸ?»

«ሳይሞት እረደው ብዬ አስሮጬበት።»

እናቴ ነጠላዋን አጣጥፋ ትከሻዋ ላይ መለሰች። ሥጋው በር ላይ ነው፤ ባለቤቴ እንደያዘው ቆሟል። ከዚያ ወደ ኩሽና ገብታ ከታችኛው ቁምሳጥን ጆሮው የተሰበረ አሮጌ ድስት አወጣች።

«ይሄ የእናንተ ነው። ከእኔ ድስት ጋር እንዳይነካካ።»

ሰኞ ማታ ራሷ ሠራችው፤ እኔ ሽንኩርት እንደማሳርር ታውቃለች። ለራሷ ሽሮ ሠራች፣ ለእኛ ያንን አቀረበች። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ጎርሶ አየኝ። ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካው፤ ዝም በይ ማለቱ ነው።

«እንዴት ነው?» አለች እናቴ።

«ጨው በዝቶበታል እማዬ።»

«ቀምሼው ነው እንዴ?» አለች። ተነሥታ የፈላ ውሃ ጨመረችበት፣ በእኛ ማንኪያ አማሰለችው፣ ማንኪያውን ከራሷ ዕቃ ለይታ አስቀመጠችና እስክንጨርስ ድረስ አብራን ተቀመጠች።