ልጣጭ ያልኳቸው እትዬ ብዙነሽ

ሥራዬ ሻይ መቅመስ ነው። ይህን ስናገር የማይስቅ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ሻይ የማይቀምስ ማን አለና! እኔ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ከቴዎድሮስ አደባባይ ከፍ ብሎ ባለ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ነጫጭ ስኒዎች ከተደረደሩበት ረጅም ጠረጴዛ ፊት ቆሜ፣ ቅመም የገባበትን፣ አበባ የተቀላቀለበትን፣ የፍራፍሬ ሽታ የተነሰነሰበትን የሻይ ቅጠል ሁሉ በማንኪያ እየጨለፍኩ በኃይል ወደ አፌ እስባለሁ፤ ምላሴ ላይ አዙሬ አዙሬ አጠገቤ ባለው ባልዲ እተፋለሁ፤ ከዚያም ይህኛው ሄል በዝቶበታል፣ ያኛው ዝንጅብሉ ጉሮሮ ጋ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው እያልኩ ለሚከታተሉኝ አንባቢዎች እጽፋለሁ። ሻይ ድምፅ እያሰማሁ ስጠጣ ጭኔን ትቆነጥጠኝ የነበረችው እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ልጇ በዚሁ ብልግና ሰው የሚያከብራት ሆና እንደምትኖር ብታይ መቼም አታምንም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሰባተኛው ስኒ ላይ ስደርስ እንደ ልማዴ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ፤ ማንኪያ የያዘው እጄ ግን አየር ላይ ቀረ። መራራም ጣፋጭም የሆነ፣ ፀሐይ ላይ የከረመ የብርቱካን ጠረን ነበር። ማሸጊያውን አንስቼ ሳየው በወርቃማ ፊደል «በተመረጠ የብርቱካን ልጣጭ» ይላል፤ ልጣጭ የምትለዋ ቃል ከሁሉም ጎልታ፣ እንደ መኩሪያ ተጽፋለች። ሃምሳን ያለፍኩ ሴት፣ ማንም አንዲት ቃል ሳይናገረኝ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። አብረውኝ የሚቀምሱት ሰዎች ሻዩ አቃጠለሽ እንዴ ቢሉኝ ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኳቸው። ስለዚያ ሻይ ብዙ መጻፍ የሚገባኝ ሰው «ጥሩ ነው» ብዬ ብቻ ዘጋሁት።

ያደግኩት ውቤ በረሃ ነው። ሰው ስለዚያ ሰፈር ሲያወራ መጠጥ ቤቱንና ዘፈኑን ነው የሚያነሳው፤ እኔ ግን የማውቀው ጠዋቱን ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ያደረው ጤዛ ሲንጠባጠብ፣ ቡና ቤቶቹ ደጃፋቸውን በውሃ ሲያጥቡ፣ ሠራተኛው ፊቱን ሳያፍታታ ወደ ታክሲ ሲሮጥ። የኛ ግቢ በር አጠገብ የእትዬ ብዙነሽ ሻይ ቤት ነበረች። ቤት ማለቱ ራሱ ማጋነን ነው፤ አራት አግዳሚ ወንበር፣ አበባ ያለበት ላስቲክ የለበሱ ሁለት ጠረጴዛዎች፣ አንድ ትልቅ የሸክላ ምድጃና ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች የሞላ የጣሳ መደርደሪያ ናት። እሳቸው ቀጠን ያሉ፣ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ የሚሸፍኑ፣ ልጅም ባልም የሌላቸው ሴት ነበሩ። ሻይን ግን እንደሳቸው የሚያውቅ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

በየጣሳው ውስጥ ለየቀኑ የሚሆን ሻይ ነበር። ለክረምት ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ የገባበት፣ ለጾም ቀን ቀረፋና ቅርንፉድ፣ ሆዱን ለሚያመው ጤና አዳም፣ ትናንት አብዝቶ ለጠጣ ደግሞ ስሙን የማይነግሩት አንድ መራራ ነገር። ከሁሉም የሚወደደው ግን የብርቱካኑ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አትክልት ተራ ወርደው፣ እያንዳንዱን ብርቱካን በእጃቸው መዝነው፣ አሽትተው፣ ከነጋዴው ጋር ተጨቃጭቀው ይገዛሉ። ቤት ሲመለሱ በሙቅ ውሃ ያጥቡትና ልጣጩን በቢላ ሳይበጠስ፣ ከላይ እስከ ታች እንደ ጥምዝ ጥብጣብ አድርገው ያወጡታል፤ ሰፌድ ላይ አሰጥተው ሦስት አራት ቀን ፀሐይ ያስመቱታል። ፍሬውንስ ካላችሁ ለግቢው ልጆች ነው። ከልጆቹ ሁሉ ድርሻዬ የሚበዛው እኔ ነበርኩ፤ ምክንያቱም እኔ ቀማሻቸው ነኝ።

ቀማሽነቴ የተጀመረው በጨዋታ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በትንሽ ብርጭቆ ሻይ ይቀዱልኝና «እስቲ ቅመሺና ንገሪኝ፤ ዛሬ ምን ተጨመረ?» ይሉኛል። ዓይኔን ጨፍኜ እስባለሁ፤ በእሳቸው ቤት ድምፅ ማሰማት ክልክል አልነበረም። ኮረሪማ እላለሁ፤ ትክክል ነኝ። ጠጅ ሳር እላለሁ፤ ትክክል ነኝ። አንድ ቀን ምንም ሳይጨምሩ ሰጥተውኝ ምንም የለበትም ብላቸው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። የሚጠጡትን ሰዎች ሁሉ አስቁመው፣ ይቺ ልጅ የተፈጠረችው ለዚህ ነው ብለው ራሴን ሳሙኝ። ዛሬ የምበላበትን ሙያ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ይህንንም እስካሁን በአደባባይ ተናግሬው አላውቅም።

ሰባተኛ ክፍል ስገባ ትምህርት ቤት ቀየርኩ። አዲሶቹ ጓደኞቼ አባቶቻቸው መምህርና ሐኪም የሆኑ፣ ካልሲያቸው ሁልጊዜ ነጭ የሆነ፣ ሻይ የሚጠጡት ከነማስቀመጫው በሚቀርብ ስኒ የሆነ ልጆች ነበሩ። እኔ ደግሞ ከነሱ ጋር የሚያስተካክለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ፤ ምላሴ። አራዳ ያደገ ልጅ ሰው ላይ ስም መለጠፍ ያውቅበታል፤ ሒሳብ አስተማሪያችንን፣ ዘበኛውን፣ ዳይሬክተሯን ሁሉ ስም አውጥቼላቸው፣ ጓደኞቼ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ ከመሃላቸው አስቀምጠውኝ ነበር። ከዚያ መሃል መውጣት ከሞት የከፋ መስሎ ይታየኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከነዚህ ልጆች ጋር በፒያሳ በኩል ስንወርድ እትዬ ብዙነሽ ከአትክልት ተራ ሲመለሱ ተገጣጠምን። ጀርባቸው ላይ ዘንቢል፣ ጫማቸው ላይ የገበያው ጭቃ፣ ሽርጣቸው ላይ የሻይ ነጠብጣብ አለ። ከማዶ ሆነው እጃቸውን እያውለበለቡ «የኔ ቀማሽ! የኔ እመቤት! ዛሬ ብርቱካን አለ!» ብለው ተጣሩ። ፒያሳ ያለ ሰው ሁሉ የሰማ መሰለኝ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ፣ ያቺ ከሁሉም ነጭ ካልሲ የነበራት፣ «እናትሽ ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ዘመዴ ናቸው ማለት ይቻል ነበር። ጎረቤታችን ናቸው ብልም እውነት ነበር። እኔ ግን «ልጣጭ ናት» አልኩ። ናቸው እንኳ አላልኩም። ልጆቹ ሳቁ፤ ሳቁ ደግሞ ጣፈጠኝና ቀጠልኩ። «አትክልት ተራ ሰው የጣለውን የብርቱካን ልጣጭ ስትለቅም ውላ ሻይ ውስጥ ትጨምረዋለች፤ እኛ ሰፈር ልጣጭ ነው የምንላት» አልኩ። የዚያን ብርቱካን ፍሬ በየሳምንቱ የምበላው እኔ ነበርኩ። መሬት ነክቶ እንደማያውቅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ስሙ ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ገባ። ከልጆቹ የአንዷ አጎት ቢሮ እኛ ሰፈር አጠገብ ነበር፤ በሳምንቱ የቢሮ ሰዎች «ልጣጭ ጋ ሻይ እንጠጣ» ይባባሉ ጀመር። ለነሱ ጨዋታ ነበር። ቀጥሎ ግን ወሬው ተከተለው፤ ልጣጩ ከየት እንደሚለቀም እየተቀባበሉ፣ እያንዳንዱ የራሱን ጭቃ እየጨመረበት፣ አንዳንዱ ደንበኛ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን እያነሳ ሲመረምር፣ አንዳንዱም ጭራሽ ሲቀር አየሁ። የሰፈር ልጆች በር ላይ እያለፉ «ልጣጭ!» ብለው ይጮሁና ይሮጣሉ። እትዬ ብዙነሽ መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ብርቱካን የሚጠይቁ መስሏቸው «ቅዳሜ ኑ» ይሏቸው ነበር።

እንደገባቸው ያወቅኩት ሰፌዱ ከደጃፉ ሲጠፋ ነው። ብዙ ቀን በሌላ መንገድ እየዞርኩ ቤቴ ገባሁ። በመጨረሻ ግቢው በር ላይ ያዙኝና እንደ ድሮው ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፤ በትንሿ ብርጭቆ ቀዱልኝ። «እስቲ ቅመሽው የኔ ልጅ፤ ሰው ቀርቶብኛል። ምን ጎደለው?» አሉኝ። ቀመስኩ። ቀረፋው አለ፣ ቅርንፉዱ አለ፣ ብርቱካኑ የለም። ያለ ብርቱካኑ ሻዩ ባዶ ነበር፤ ደፋር ሆኜ ልጣጩን መልሱት፣ ያወራሁት እኔ ነኝ፣ ውሸት ነው ብላቸው ኖሮ ሁሉም ነገር በዚያች ብርጭቆ ላይ ያበቃ ነበር። ፊታቸውን ሳላይ «ምንም አልጎደለውም» አልኳቸው።

«ጎሽ» አሉኝ፤ ብርጭቆውን ከእጄ ተቀብለው አለቀለቁት። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም የሚለው እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል። ከዚያ በኋላ ቅመሽ ብለውኝ አያውቁም፤ ዓመት ሳይሞላም ሻይ ቤቷ ተዘጋችና እሳቸው ለሰው ቤት በርበሬና ሽሮ እያዘጋጁ መኖር ጀመሩ። ስሙ ግን አልተዘጋም። ዓመታት ሲያልፉ መርዙ ወጥቶለት፣ አዲስ ተከራይ ሁሉ እየለመደው፣ እትዬ ልጣጭ ተብለው ሰርግ ተጠሩ፣ እትዬ ልጣጭ ተብለው ክርስትና አነሱ። ብዙነሽ ብላ የምትጠራቸው እናቴ ብቻ ቀረች።

እኔ አግብቼ ከሰፈሩ ከወጣሁ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እናቴ እግሯን ታማ አብሬያት በሰነበትኩበት ወቅት፣ አንድ ማለዳ የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ጥሩምባ ነፊው አዲስ ሰው ነበር፤ ሰፈሩን ስለማያውቅ ስሙን ከመዝገብ ላይ እንዳለ አንብቦ «ወይዘሮ ብዙነሽ አርፈዋልና ቀብር ስድስት ሰዓት!» እያለ ከላይ እስከ ታች ለፈፈ። የእናቴን እጅ ይዤ የጎረቤት በር ሲከፈት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲወጡ ለመስማት ጠበቅኩ። አንድም በር አልተከፈተም። አንዷ እንዲያውም ልብስ እያጠበች ታንጎራጉር ነበር።

«ማን እንደሆነች አላወቁም እኮ» አለች እናቴ እንባዋን እየጠረገች። «እኔ መራመድ አልችልም፤ ውጪና ንገሪያቸው።»

ወጣሁ። ልብስ የምታጥበዋን ሴትዮ ወይዘሮ ብዙነሽ አርፈዋል አልኳት። «የትኛዋ ብዙነሽ?» አለችኝ። እዚህ ሻይ ቤት የነበራቸው ብላት ሻይ ቤቱን አታውቀውም። ቀጠን ያሉ፣ ሽሮ የሚያዘጋጁ ብላት የሌላ ሴት ስም ጠራችልኝ። ልጅ ሳለሁ እንደ ዋዛ የወጣችውን ቃል አሁን በግድ ገፋኋትና «እትዬ ልጣጭ» አልኳት።

ሴትዮዋ የያዘችውን ልብስ ጣለችው። «ውይ ልጣጭዬን! ልጣጭዬ ሞተች?» ብላ እጇን ራሷ ላይ ጭና ጮኸች፤ በጩኸቷ ሁለት በር ተከፈተ። ወደሚቀጥለው ግቢ ሄድኩ። እዚያም ብዙነሽ ብዬ ጀመርኩ፤ እዚያም ልጣጭ ብዬ ጨረስኩ። ሰው ይሰብሰብላቸው ብዬ፣ በሕይወታቸው እሳቸውን ያዋረድኩበትን ስም በሞታቸው ቀን እኔው ራሴ በር ለበር ይዤው ዞርኩ። ሰውም ተሰበሰበ። ድንኳኑ ሞላ፤ ደረታቸውን የሚደቁት ሴቶች ልጣጭዬ፣ ደጓ ልጣጭዬ እያሉ ከልባቸው አለቀሱላቸው። ብዙነሽ ብሎ ያለቀሰ አልሰማሁም። እኔ ማልቀስ አልቻልኩም፤ ጥግ ይዤ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ነበር፤ እትዬ ብዙነሽ ክርስትና ያነሱት ልጅ መሆኑን በኋላ ሰማሁ። ዓይኑ አብጦ፣ የሰፈሩ ተወላጅ መሆኔን ሰው ነግሮት ኖሮ፣ ጠጋ ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። «ስማቸው ብዙነሽ መሆኑን እኔ ዛሬ ነው የሰማሁት። ልጣጭ ያሏቸው ለምንድን ነው? እርስዎ ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አልኩት።

ያ ሰፈር አሁን የለም። ግቢው ፈርሶ ሰፊ መንገድ አልፎበታል፤ ልቅሶው ላይ የነበሩት ሰዎች በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል፤ ጎልማሳው የት እንደገባ ጠይቄ ጠይቄ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር አለ። ስለ ሻይ ለማያውቁኝ ሰዎች ብዙ ቃል ጽፌአለሁ፤ ለአንድ ሐዘንተኛ ልጅ የሚበቃ አንዲት ቃል ግን አጥቼ ባዶውን ሰደድኩት። እሱም የክርስትና እናቱ በምን ምክንያት በዚያ ስም እንደኖሩና እንደተቀበሩ ሳያውቅ፣ ዛሬም ሲናፍቃቸው ልጣጭ እያለ ይጠራቸዋል።