ከሆሳዕና ዱራሜ፣ ጭንቅላት እየለካሁ

በሆሳዕና ከተማ ስለ ሰው ልጅ የራስ ቅል ያለ መምህር ያጠና ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ሌላ አለ የሚል ይቅረብና እንከራከር። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ባቋርጥም ንባብ አላቋረጥኩም። የጥንቱ ሰው ቅል ዝቅና ረዘም ያለ፣ የእኛ ግን ከበብ ያለ መሆኑን ከእኔ ያልሰማ ጎረቤት የለም። ሁለቴ የሰሙኝ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ።

ንጋት፣ ሆሳዕና መናኸሪያ

ጭጋግ ነው። ብየዳ ቤት ያሠራሁትን መለኪያ ታቅፌ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። እንደ ጉጠት ሁለት ክንድ አለው። ነገ ዱራሜ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ንግግር አደርጋለሁ። የእህቴ ልጅ ትግስት እዚያ ባዮሎጂ ታስተምራለች። «አጎቴ አዋቂ ናቸው» ብላ ርዕሰ መምህሩን ያስፈቀደችው እሷ ናት፤ ካበላሸሁ የምታፍረውም እሷ ናት።

«ጋሼ፣ ይሄ የበግ መያዣ ነው?» አለ ሾፌሩ።

«የጭንቅላት መለኪያ ነው። ስፋቱን ለርዝመቱ ስታካፍል ቅርጹ ይታወቃል።»

«የኔን እንዳይለኩ! ባዶ መሆኑን ረዳቴ ከሰማ አለቀልኝ።»

ረፋድ፣ ዶዮገና

ብርዱ አጥንት ይገባል። ገበያው ድንች፣ ጎመን፣ በግ፣ በየሰዉ ራስ ላይ ደግሞ የሱፍ ኮፍያ። የእኔ ሐሳብ ብርድ ባለበት አገር ጭንቅላት ክብ ይሆናል የሚል ነው። ሻጩንም ሸማቹንም ለካሁ። ትልቅ ሰውን ገበያ መሀል «ኮፍያ አውልቁ» ማለት ነውር ስለሆነ ከነኮፍያቸው ለካኋቸው። ጥቂት ሱፍ ምን ይለውጣል?

ሁሉም ክብ! ከሁሉም ይበልጥ ክብ የሆነው፣ በግ ሊሸጡ የመጡት የአቶ ሎምበሶ ጭንቅላት ነበር። «እንዲህ ያለ ጭንቅላት አይቼ አላውቅም» ስላቸው ደስ ብሏቸው ምሳ ጋበዙኝ።

ምሳ፣ አቶ ሎምበሶ ቤት

ቆጮ፣ አይብ፣ ጎመን ቀረበ። «እንጸልይ» ብለው ኮፍያቸውን አወለቁ። ከሥሩ ሌላ ኮፍያ አለ። እሱንም አወለቁ። ከሥሩ የታጠፈ ሻርፕ። ሻርፑ ሲወርድ ጠባብ፣ ሞላላ ጭንቅላት ብቅ አለ። ሌላው ዓይኑን ጨፍኗል፤ እኔ አፍጥጫለሁ።

«ምነው፣ ጸሎቱ አጠረብዎት?» አሉኝ ከአሜን በኋላ።

«ጭንቅላትዎ ጠበበብኝ።»

«ከተጋባን ጀምሮ የምነግረው ይሄንኑ ነው!» ብለው ባለቤታቸው ሳቁ።

ባዶ ራሳቸውን ደግሜ ለካሁ። የእሳቸው ሞላላ፣ አብሯቸው የሚኖረው የወንድማቸውም ባዶ ራስ ሲለካ ክብ። አንድ ቤት፣ አንድ ብርድ። ሐሳቤ እዚያው ቆጮው አጠገብ ሞተ።

ማግስቱ፣ ዱራሜ

ብደብቀው ማን ያውቃል? ትግስት ግን «ተመራማሪው አጎቴ» ብላ አስተዋወቀችኝ፤ ተማሪዎቹ ደብተር ገለጡ። ሐሰት ሊጽፉ ነው።

«ልጆቼ፣ ትናንት የለካሁት ሱፍ ነው» አልኩ።

ትግስት አቀረቀረች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀና ስትል እሷም እየሳቀች ነበር፤ መለኪያውን ከእጄ ወሰደች። «ጋሼ፣ እንግዲያው ይቀመጡ። እንዴት እንደሚለካ በእርስዎ ላይ እናሳያቸው።»

በዚህ ጉዞ ያከናወንኩት፦

– የዶዮገናን ኮፍያ በመለካት የሚቀድመኝ የለም።
– ሐሳቤን ራሴ አፍርሻለሁ፤ ለሌላ ሰው ዕድሉን አልሰጠሁም።
– የትግስት ተማሪዎች ፀጉርን ተጭኖ መለካትን ተምረዋል፤ ፀጉሩ የእኔ ነው።
– የራሴን ጭንቅላት ለመጀመሪያ ጊዜ አስለክቻለሁ። መካከለኛ ነው። እንድትደግመው ጠየቅኳት። አሁንም መካከለኛ ነው።