አባቴ የቆረጠው ክር

አምስተኛ ክፍል ሆኜ ከአባቴ ጋር ሦስት ሳምንት ተኳርፌያለሁ። የተኳረፍነው በዓሣ ነው። እኔ ጋምቤላ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ አባቴ ግን ለማስተማር ተመድቦ ከደጋ የመጣ ሰው ስለነበር ከባሮ ጋር መቼም አልተላመደም። ወንዙን የሚያየው የማያውቀውን ውሻ እንደሚያይ ሰው ነበር፤ ከሩቅ፣ ዓይኑን ሳይነቅል።

የክፍሌ ልጅ አኬሎ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአጎቷ ከኦሞድ ጋር የድሮው ወደብ ላይ ዓሣ ታጠምድ ነበር። ከዳርቻው ተነስቶ ውሃው ውስጥ ረዝሞ የገባ፣ ጥንት መርከቦች ዕቃ ያራግፉበት የነበረ የድንጋይና የሲሚንቶ መድረክ ነው። እኛ ስንደርስበት መርከብ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የዛገ ብረትና በስንጥቁ ሣር የበቀለበት ወለል ብቻ ነበር የቀረው። የከተማው ሰው ግን አልተወውም። ልብስ የሚያጥበው፣ ነፋስ የሚቀበለው፣ ክር ጥሎ የሚጠብቀው ሁሉ እዚያ ነበር። ሰኞ ጠዋት አኬሎ ያጠመደችውን በክንዷ እየለካች ስታወራ እኔ የምለው አልነበረኝም።

እኔም ሄጄ ላጥምድ ብዬ አባዬን ለመንኩት። “አዞ አለ” አለኝ። ደግሜ ለመንኩት፤ “ውሃው ይጉደል” አለ። ውሃው ጎደለ። “ፈተና ይለፍ” አለ። ፈተናው አለፈ፤ ሁለተኛ ወጣሁ። የሚለው ሲያጣ “እሺ፣ እኔም አብሬሽ እመጣለሁ” አለ። የደስታዬ ግማሹ እዚያው ላይ ጠፋ።

ቅዳሜ ሄድን። ወለሉ በነጠላ ጫማዬ በኩል ያቃጥላል፤ አየሩ ጭቃ፣ የልብስ ሳሙናና የዓሣ ቅርፊት ይሸታል። ኦሞድ በፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ የተጠቀለለ የናይለን ክር ሰጠኝና ትሉን መንጠቆው ላይ እንዴት እንደምሰካ አሳየኝ። አባዬ ከኋላዬ ተቀምጦ የቀሚሴን መታጠቂያ በጡጫው ጨበጠ።

“አባዬ ልቀቀኝ፣ ሰው እያየን ነው።”

“ይየን” አለ።

ልብስ የምታጥብ አንዲት ሴት ቀና ብላ “ቲቸር፣ ፍየል ነው እንዴ የያዝከው?” ስትል ወደቡ በሙሉ ሳቀ። እሱ ግን አልለቀቀኝም።

አኬሎ አራት ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አወጣች። እኔ ዓሣ ስመግብ ዋልኩ፤ ክሩን በሳብኩት ቁጥር ትሉ ተበልቶ ባዶ መንጠቆ ይመጣል። ወደ ጠርዙ ትንሽ ጠጋ ስል ከወገቤ ወደ ኋላ ይጎትተኛል። ሦስት ጊዜ “በቃ እንሂድ” አለ፤ ሦስት ጊዜ “አንዴ ብቻ” አልኩት።

አስር ሰዓት ገደማ ክሩ ቀስ ብሎ ከበደኝ። ግንድ የያዘው መሰለኝ። ከዚያ ግንዱ መሄድ ጀመረ። ጠርሙሱ እጄ ውስጥ እየተሽከረከረ፣ ክሩ ጣቴን እየገዘገዘ ወደ ወንዙ መሃል ነጎደ።

“አትጎትቺ! ይሂድ፣ ይድከም!” እያለ ኦሞድ ሮጦ መጣ።

አባዬ ከኋላ “ልቀቂው! ልቀቂው አልኩሽ!” ይላል።

አልለቀቅኩም። ምን ያህል ጊዜ እንደታገልኩ አላውቅም። ኦሞድ አጠገቤ ተንበርክኮ “አሁን ሰብስቢ፣ አሁን ተይው” ይለኛል፤ ክሩን ግን በእጁ አልነካም፤ ዓሣው የኔ ስለነበር። በመጨረሻ ውሃው ተገመሰና ጭንቅላቱ ወጣ። ሳፋ ያህላል፤ ብርማ ነው። አኬሎ ጮኸች። ልብስ አጣቢዎቹ ሁሉ ከተቀመጡበት ተነሱ።

ዓሣው ተመልሶ ሲጠልቅ ሁለት እርምጃ ይዞኝ ሄደ። መታጠቂያዬ አባዬ እጅ ላይ ቀረ። ዘሎ ክንዴን ያዘኝ፣ በሌላው እጁ የኦሞድን ቢላ ከወለሉ ላይ አነሳና ክሩን ቆረጠው።

ኦሞድ ውሃውን ጥቂት አየና “ቲቸር፣ ዓሣ ነው እኮ። አዞ አይደለም” አለ።

“አውቃለሁ” አለ አባቴ። ቢላውን አስቀመጠ፤ ክንዴን ግን አልለቀቀም።

“እኔ እዚህ ነበርኩ እኮ። ብትወድቅ እኔ እገባ ነበር” አለ ኦሞድ።

እኔ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ወለሉ ላይ ተዘርፍጬ አለቀስኩ። ቤት ድረስ ከሱ አስር እርምጃ ቀድሜ ሄድኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሻይ ሳቀርብለት ፊቱን አላየሁም። አዲስ ቀሚስ ገዛልኝ፤ ለበስኩት፣ አላመሰገንኩትም። ከዚያ በኋላ ወደ አቦቦ ተዛወረ፤ እኔም አብሬው ስለሄድኩ ወደቡም ቀረ።

ዛሬ ነርስ ነኝ። ሳምንቱን ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ሠርቼ ቅዳሜ ወደ ጋምቤላ ከተማ እመለሳለሁ። አባቴ ጡረታ ወጥቶ ከኔ ጋር ይኖራል። ባለፈው ወር ወደ ወደቡ ወሰድኩት፤ ዳርቻው ላይ በዛፍ ጥላ ሥር ወንበር ዘርግቼለት ክር ጣልኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድም ዓሣ መንጠቆዬን አልነካም። ተናድጄ ክሬን ጠቀለልኩና ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳመላልሰው የኖርኩትን ጥያቄ ጠየቅሁት።

“አባዬ፣ ያን ቀን ለምን ቆረጥከው?”

“ምኑን?”

የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። አላሾፈም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት፤ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ባዶው መንጠቆ፣ ስለ ከበደው ክር። የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚሰማ ሆኖ ወደ እኔ ዘንበል አለ። ጭንቅላቱ እንዴት እንደወጣ በክንዴ ለክቼ ሳሳየው ዓይኑ በራ።

አኬሎ ሌላ አገር ሄዳለች፤ ኦሞድ በሕይወት የለም። ያኔ የምኮርፈው ሰው ነበረኝ፤ ኩርፊያዬም ቤቱን ይሞላው ነበር። አሁን ያ ሁሉ ቂም እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው፤ ያስቀየመኝ ሰው ረስቶታል።

“ታዲያ ምን ሆነ?” አለኝ ጓጉቶ። “አወጣሽው?”

አንተ ነህ የቆረጥከው ልለው አፌን ከፈትኩ።

“ክሩ ተበጠሰ” አልኩት።

“ወይኔ ልጄን!” አለና ጭኑን መታ። “እንዴት ያናድዳል!”

“በጣም ነው የሚያናድደው፣ አባዬ” አልኩት።