ደረቱ ላይ የተቀባው እምነት

ባለቤቴ የልብ ቀዶ ጥገና አድርጎ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ሲመለስ፣ እንደ እንቁላል ተጠንቅቀን ነው ቤት ያስገባነው። የደረቱን አጥንት ሰንጥቀው፣ ልቡን ጠግነው፣ መልሰው በሽቦ አስረውታል። ስንወጣ ነርሷ ያለችኝ ከጆሮዬ አልጠፋ አለ፦ «ቁስሉ ከቀላ፣ ፈሳሽ ካወጣ፣ ወይ ካተኮሰው፣ ነገ አትበይ። ወደ አጥንቱ ከገባ ከባድ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ደረት ማየት ሆነ። የአዳማ ሙቀት መቼም ቁጭ ያለውን ሰው ያልበዋል። ማራገቢያውን አዞርበታለሁ፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ሸሚዙን ገለጥ።

«አንቺ፣ ስንጋባም እንዲህ አላየሽኝ!» ይለኛል። እስቃለሁ፤ ሆዴ ግን አይስቅም።

እናቱ ሊያስታምሙት ከአርሲ ነገሌ መጡ። አንድ ቀን ጠዋት እሳቸውን አምኜ ገበያ ደርሼ ብመለስ፣ ግንባሩ ይፋጃል። ሸሚዙን ስገልጥ በስፌቱ ላይ ግራጫ ነገር ከላቡ ጋር ተለጥፏል። የስፌቱ የታችኛው ጫፍ ቀልቶ ረጥቧል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አማቴ ናቸው የመለሱት።

«እምነት ነው ልጄ። ከደብራችን ይዤው መጥቼ፣ ሰሞኑን አንቺ ስትወጪ እየቀባሁ፣ ሳትመጪ እጠርግለት ነበር። ስንቱን ቁስል ሲያደርቅ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ያንን ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውን አመድ መሳይ፣ በውሃ በጥብጠው የሚቀቡትን፣ እኔም ልጅ ሆኜ ተቀብቼዋለሁ። ምላሴ ላይ የመጣውን ክፉ ቃል ዋጥኩት።

«እማማ፣ ይሄ ቁስል እኮ ከሥሩ ያለው ልብ ነው» አልኩ። ነጠላቸውን አንስተው ቀድመውን ወደ በሩ ሄዱ።

ባጃጅ ውስጥ ባለቤቴ ስፌቱ እንዳይነቃነቅ ትራስ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ መንገዱ በዘለለ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል።

«ወንድሜ፣ በእናትህ ቀስ በል! የልብ በሽተኛ ነው» አልኩት ሹፌሩን።

«ማዘር፣ ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩማ ጋሪ ይቀድመናል!»

እኔም በአንድ እጄ ትራሱን ደገፍኩለት።

ሆስፒታል ስንደርስ ወጣቱ ዶክተር ሸሚዙን እየገለጠ «ከታዘዘው ሌላ የነካው ነገር አለ?» አለ።

«የለም፤ ላብ ነው» አለ ባለቤቴ ፈጠን ብሎ። እናቱን መሸሸጉ ነው። እኔ አፌን ስከፍት አማቴ ከበሩ ሥር ቀደሙኝ።

«ውሸቱን ነው! እኔ ነኝ እምነት የቀባሁት። ሁሉን ልንገርህ ልጄ፣ እንዳትሳሳትብኝ።»

ዶክተሩ አልተቆጣም። «ደግ አደረጉ የነገሩኝ» አለና የስፌቱን ጫፍ ከፈት አድርጎ መግሉን አፈሰሰ። መዳፉን ደረቱ ላይ ዘርግቶ «አሁን ሳል» አለው። ባለቤቴ ሳለ።

«አጥንቱ አልተነቃነቀም። ለጊዜው ላይ ላዩን ነው። ግን ይተኛል፤ መድኃኒቱም በደም ሥር ይሰጠዋል። ቀዶ ጥገናውን የሠሩትንም አማክራለሁ።»

«ለጊዜው» ማለቱን እኔም አማቴም ሰምተናል። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥን።

«አንድ ነገር ቢሆን ይቅር ትይኝ ነበር?» አሉኝ አማቴ።

«አላውቅም እማማ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና ነጠላቸውን ከፍለው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ትኩሳቱ እስኪለቀው ድረስ ከዚያ ወንበር የሚያስነሳን አልተገኘም።