የላመውን ስጠኝ

የልብስ እጥበት ቤቱ ሠራተኞች «ካውያ» ብለው ነበር የሚጠሯት። አንድም ሥራዋ መተኮስ ስለሆነ፣ አንድም ከጋለች በኋላ ማንም እጁን ስለማያስጠጋባት። እሷም ስሙን አልጠላችውም። «ሳልግል ማን ይሰማኛል?» ትላቸው ነበር።

ባሏ ሹፌር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ በመጨረሻ ሁለቱ ተጋግዘው አንዲት ያረጀች ጥቁር ሰማያዊ መኪና ገዙ። እሱ ግን ጠግቦ ሳይነዳት ታመመና ሞተ። መኪናዋም ግቢው ውስጥ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ አጠገብ፣ ፀሐይና አቧራ ሲፈራረቁባት ከረመች። ቀለሟ አመድ መሰለ። ጠጋ ብሎ ላያት ደግሞ መላ አካሏ የሸረሪት ድር በመሰለ ጭረት ተሸፍኗል።

የባሏ ታላቅ ወንድም መኪናዋ ላይ ዓይኑን የጣለው ገና ሐዘኑ ሳይበርድ ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ቤተ ዘመዱን ማዘዝ ከልጅነቱ የለመደ፣ ሌላ ሰው ሲወስን ራሱን የሚያመው ዓይነት ሰው ነበር።

«እህት ዓለም፣ መኪና ወንድ ይፈልጋል» አላት አንድ እሁድ ከሚስቱ ጋር ሊጠይቃት መጥቶ። «ቀለሟም ሞቷል። ገዢ አለኝ፤ አሳምሬ እሸጥልሻለሁ።»

«አልሸጣትም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊያት?»

«ልነዳት።»

እሱ ከት ብሎ ሳቀ። ሚስቱ አልሳቀችም፤ አንገቷን ደፍታ ሻይዋን ማማሰል ቀጠለች። ካውያ በማግስቱ መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ሄዳ ተመዘገበች።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሏት ነበር። አንድ ቀን ግን ከሥራ በጊዜ ወጥታ ወደ ቤቷ ስትቃረብ፣ ከግቢዋ ውስጥ የማሽን ጩኸት ሰማች። በሩን ስትከፍት አንድ የማታውቀው ሰው ክብ ማሽን ይዞ የመኪናዋን ኮፈን ይፈትጋል። አጠገቡ የሻካራ ፖሊሽ ቆርቆሮ ተከፍቷል። የባሏ ወንድም ጥላ ስር እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ ያዛል። በሩን የከፈተችላቸው ልጇ በረንዳው ላይ ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

ካውያ አልጮኸችም። ግድግዳው ድረስ ሄዳ ሶኬቱን ነቀለች። ማሽኑ አቃስቶ ቆመ።

ሰውየው ማሽኑን ሲያነሳ ጉዱ ታየ። የኮፈኑ ጥግ ላይ ሰማያዊው ቀለም ተበልቶ አልቆ፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ ከስር ያለው ግራጫ ወጥቷል።

«ማን ፈቀደ?» አለች።

«እኔ ነኛ» አለ የባሏ ወንድም። «ገዢው ሊያያት ነው። እንዲህ ሆና ማን ይወስዳታል ብዬ ነው።»

«ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ቤቴ ሲመጡ ከወንበሬ ተነስቼ ነው የተቀበልኩዎት። ነገም እነሳለሁ። መኪናዬን ግን አይንኩብኝ።»

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብሎ እያጉረመረመ ወጣ። ባለማሽኑም ገመዱን ጠቅልሎ፣ ዓይኗን ላለማየት መሬት መሬት እያየ ተከተለው።

ልጇ ማልቀስ ጀመረች። «እማዬ፣ አጎቴን እንዴት ብዬ ልከልክለው?»

«አፍ አለሽ አይደል?» አለቻት መጀመሪያ። ኋላ ግን አንጀቷን በላቻትና ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት። «ሁለተኛ ሲመጣ እናቴ ሳትኖር አልከፍትም በይ። ይሄን ለማለት ጀግና መሆን አያስፈልግም።»

ጎረቤቷ ጡረታ የወጣ መኪና ቀቢ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ለምና አመጣችው። ሽማግሌው ቁጢጥ ብሎ ጣቱን በተበላው ጥግ ላይ አመላለሰ፤ ከዚያ በሩን ከፍቶ ፀሐይ ያልነካውን የውስጥ ጠርዝ አየ።

«ቀለሙ ስስ ነው፣ ልጄ። ከዚህ በፊትም ስንቱ ሲፈትጋት እንደኖረ እግዜር ይወቀው። አሁን እንደገና ሻካራ ነገር ካስነካሻት መላዋ እንደዚህ ጥግ ይሆናል።»

«ሙሉ በሙሉ ትቀባ ይላሉ?»

«መቀባት ትችያለሽ። ግን ቀለሙ አልሞተም፤ ላዩ ነው የደከመው። የላመ ፖሊሽ ፈልጊና በእጅሽ፣ ቀስ ብለሽ እሺው። ጠልቆ የገባው ጭረት አይለቅም፤ እሱን ከወዲሁ ቁርጥሽን እወቂ።»

«ቁርጤን አውቄያለሁ» አለች።

የመኪና ዕቃ ሱቁ ባለቤት መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ሆዱ ባንኮኒውን የሚገፋ ጎልማሳ ነው።

«ባለቤትሽ የቱን አምጪ አለሽ?»

«ባለቤቴ ሞቷል። የላከኝም የለም። የላመውን ስጠኝ።»

ሰውየው ደንገጥ አለና ሦስት ጠርሙስ ደረደረላት። ካልተከፈቱ አልገዛም አለች። እሱ ተከፍቶ አይሸጥም አለ። እሷም ባንኮኒው ላይ ክንዷን አስደግፋ ቆመች፤ ከኋላዋ ያሉት ደንበኞች ማጉረምረም ሲጀምሩ ከፈተላት። ከየጠርሙሱ ጠብታ እየወሰደች በሁለት ጣቷ አሸችው። የመጀመሪያው አሸዋ ነው። ሁለተኛው እንደ ላመ ዱቄት፣ አለ ሲሉት የለም። ሦስተኛው ምንም ሳይሻክር እንደ ዘይት ያሟልጫል።

«ይሄን ሦስተኛውን ውሰጂ» አላት። «በአንዴ ነው የሚያበራልሽ። ጭረቱን ይውጠዋል።»

«ይውጠዋል ወይስ ይሸፍነዋል?»

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም።» ጨርቅ የሚያጠነክር ስታርች ብቻ ተነፍቶበት የተተኮሰ የሚመስል ሸሚዝ ባለቤቱ ገና ሲቀመጥ እንደሚጨማደድ ስንት ዘመን አይታለች። «ውጭ የቆመችው ጥቁር መኪና ያንተ ናት? ከኋላዋ፣ ከታች በኩል፣ ሰው በማያየው ቦታ ልሞክር።»

ባለሱቁ እምቢ ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን እሱም ራሱ ሳይጓጓ አልቀረም። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጎን ለጎን ቀብታ በጨርቅ አሸቻቸው። ሦስተኛው ወዲያው መስታወት ሆነ። ባለሱቁ «አላልኩሽም?» ብሎ ደረቱን ነፋ። እሷ ግን ውኃና ሳሙና ጠየቀችና አጠበችው። ሲደርቅ የእሱም መኪና የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት እንዳለ ተመለሰ። የሁለተኛው ቦታ እንደ ሦስተኛው ባያንጸባርቅም የያዘውን ድምቀት አልለቀቀም።

«ጣጣ ልታመጪብኝ ነው» አለ ባለሱቁ አጎንብሶ እያየ። «አሁን ቀሪው መኪናዬ አስጠላኝ።»

«ጨርቅና ጠርሙስ አለህ፤ እጅም አለህ» አለችውና ሁለተኛውን ይዛ ወጣች።

ሥራው እንዳሰበችው አልሆነም። በመጀመሪያው ቀን አብዝታ ቀባችና ደርቆ ነጭ ቅርፊት ሆነባት፤ እሱን ስታስለቅቅ ዋለች። ከንዴቷ ብዛት መኪናዋን ተደግፋ አለቀሰች። ሰፈርተኛው በአጥሩ እያሾለቀ «ካውያ፣ ልትተኩሻት ነው እንዴ?» ይላታል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው ከንፈር የመጠጡላትም ነበሩ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ከዚያ በኋላ ብረቱ ፀሐይ ሳያገኘው እየተነሳች፣ ጠብታ እየቀባች፣ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየያዘች ቀጠለች። ትከሻዋ ሲዝል ግራ እጇን አስለመደች። ልጇም አንድ ቅዳሜ ሳትጠራ ጨርቅ ይዛ መጣችና ከዚያ ወዲያ ጣሪያውን የራሷ አደረገችው።

የመንጃ ፈቃዱ ፈተና ላይ ወደ ኋላ ስታቆም የተተከለውን እንጨት ገጭታ ፈተናውን ወደቀች። «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ብላ እንደገና ተፈተነች፤ አለፈች።

የባሏ ወንድም ገዢውን ይዞ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቃል እንደገባችለት ከወንበሯ ተነስታ ተቀበለችው። ገዢው መኪናዋን ዞሮ አያት። ጥቁር ሰማያዊው ተመልሷል፤ ገመዱ ላይ የተሰጣው አንሶላ ሲውለበለብ ምስሉ በሩ ላይ ይታያል።

«ቀለሟ የሞተው ይቺ ናት?» አለ ገዢው።

«አትሸጥም» አለች ካውያ። «ሻይ ግን አለ፤ ግቡ።»

የባሏ ወንድም ፊቱ ቀላ። በጣቱ ግራጫውን ጥግ አሳያት። «ይሄስ? እንዲህ ለምጽ የያዛት መስላ ከተማ ልታወጪያት ነው?»

«እሱን ምንም ፖሊሽ አይመልሰውም፣ ጋሼ። ለጠየቀኝ ሁሉ ማን እንደፈተገው እናገራለሁ።»

ሻዩን ሳይጠጣ ሄደ። ብዙ ጊዜም ደጇን አልረገጠም። ሚስቱ ግን አንድ ጠዋት ብቻዋን መጣች። ዓይኗን ልትታከም ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራት።

«እሱ በእሷ መኪና እንዳትሄጂ ብሎኛል» አለች።

«ታዲያ?»

«ታዲያማ መጣሁ።»

የፊተኛውን በር ከፍታ ገባች። ከራሷ ባል ጋር ስትሄድ ሁልጊዜ ከኋላ ነበር የምትቀመጠው፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ መንገዱን በመስታወቱ ታይ ጀመር። ትልቁ መስቀለኛ መንገድ ላይ የመኪናዋ ሞተር ድንገት ጠፋ። ከኋላ ያሉት ክላክሳቸውን ለቀቁት።

«እህቴ፣ ቶሎ በይ፤ ሁሉም እየጮኸብን ነው» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው።

«ይጩኹ፣ እትዬ» አለች ካውያ። ቁልፉን አዞረች፣ ግራና ቀኟን አየች፣ ማርሹን አስገብታ በራሷ ጊዜ ተሻገረች።